ከተረከዟ ጀምሪ፦ የአዜብና የአርዌ ተረት ፎቶ፣ ልብሱ፣ ፀጉሩና ሜካፑ

ጥያቄሽን ለሌሎችም እንዲገባ በአጭሩ ልድገመው። በሦስት ሳምንት ውስጥ የንግሥተ አዜብንና የዘንዶውን የአርዌን ተረት መነሻ ያደረገ የፎቶ ሥራ አዲስ አበባ ላይ ልትሠሪ ነው። ያለችሽ አንድ ሞዴል ናት፤ ፀጉሯ አጭር ነው። ገንዘብሽም ትንሽ ነው። ለሐሳብ ብለሽ ስትፈልጊ የምታገኚው ሁሉ የወርቅ ዘውድ፣ እስከ ጆሮ የተሳበ ኩልና የሚያብለጨልጭ ቀሚስ ሆነብሽ። «ግብፅም እንዳይመስልብኝ፣ የሠርግ አልበምም እንዳይመስልብኝ፣ ከምን ልጀምር?» ብለሻል።

ከተረከዟ ጀምሪ። ዘውዱን እርሺው።

ለምን እንደምልሽ እንዲገባሽ ተረቱን አንዴ አብረን እንየው። እኔ የምይዘው በአክሱም አካባቢ ሲነገር የኖረውን ነው፤ ጀርመናዊው ሊቅ ኤኖ ሊትማን በ1904 እ.ኤ.አ. በትግረ ቋንቋ አሳትሞታል። ሕዝቡ ለዘንዶ ይገዛል። እያንዳንዱ ሰው ተራው ሲደርስ የበኩር ሴት ልጁን ይገብርለታል። ተራው አዜብ ቤት ይደርስና ወላጆቿ ዛፍ ላይ አስረዋት ይሄዳሉ። ቅዱሳን መጥተው ከዛፉ ጥላ ሥር ያርፋሉ፤ እንባዋ ከላይ ጠብ ይልባቸዋል። ዘንዶው ሲመጣ በመስቀል ይገድሉታል። ግን ደሙ ይንጠባጠብና ተረከዟ ላይ ያርፋል፤ ተረከዟም የአህያ ተረከዝ ይሆናል። መንደሯ ስትመለስ ያመለጠች መስሏቸው ያባርሯታል፤ ዛፍ ላይ ወጥታ ታድራለች። በማግስቱ የዘንዶውን ሬሳ ታሳያቸውና ያነግሷታል። በኋላ፣ ሰሎሞን የሚባል ንጉሥ የታመመ ይፈውሳል ሲባል ትሰማለች። እሷና አንዲት ባልደረባዋ ፀጉራቸውን እንደ ወንድ አድርገው፣ ጎራዴ ታጥቀው ይነሳሉ። የሰሎሞንን ደጃፍ ስትረግጥ እግሯ ይድናል።

ሌላ አነጋገርም አለ፤ አንጋቦ የሚባል ሰው መርዝ የበላች ፍየል ለዘንዶው አቅርቦ ይገድለዋል፣ ማክዳም የሱ ልጅ ናት። እሱም ያምራል። ግን ሁለቱን በአንድ ሥራ ውስጥ አትቀላቅዪ፤ የሚያውቀው ሰው ግራ ይገባዋል፣ የማያውቀው ደግሞ ምንም አይገባውም።

አሁን በዚህ ተረት ውስጥ ሰውነትን የሚነካው ነገር ምን እንደሆነ ቁጠሪልኝ። ገመድ፣ እንባ፣ ደም፣ ተረከዝ፣ እንደ ወንድ የተሠራ ፀጉር፣ ጎራዴ፣ ደጃፍ። ዘውድ የለም። ወርቅም የለም። ሰሎሞን ደጃፍ ስትደርስ እንኳ የለበሰችው የወንድ ልብስ ነው። የንግሥት ልብስ ለመከራየት ያሰብሽውን ገንዘብ ለጥጡና ለእግሩ ሥራ አውዪው። የሞዴልሽ አጭር ፀጉር ደግሞ ችግር ሆኖ የታየሽ ዘውድ እያሰብሽ ስለሆነ ነው፤ ለመንገዱ ፎቶ ከዚህ የተሻለ ፀጉር አታገኚም።

አራት ፎቶ ይበቃሻል፦ ዛፉ፣ ዘንዶው፣ መንገዱ፣ ደጃፉ።

ከልብስ በፊት አንድ ነገር መወሰን አለብሽ። ይህች ሴት የምትኖረው በየትኛው ዘመን ነው? ሰሎሞን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ10ኛው መቶ ዓመት ነው፤ ተረቱ ውስጥ ግን መስቀል የያዙ ቅዱሳን አሉ። ይሄ ስህተት አይደለም፣ ተረት እንደዚህ ነው። ሠዓሊዎቻችን ይህንን ታሪክ በጨርቅ ላይ በሰንጠረዥ ከፋፍለው፣ ብዙ ጊዜ በ44 ሥዕል፣ ሲሠሩት ማክዳን የሚያለብሷት ሕዝቡ የሚያውቀውን የሀገር ልብስ ነው። እኔም የምመክርሽ ይህንኑ ነው። የ19ኛውን መቶ ዓመት የሰሜን ደጋ ልብስ ያዢ፤ አያቶቻችን ቢያዩት የሚያውቁት ማለቴ ነው። ከዚያ ከሱ አትውጪ። ይህንን ከመረጥሽ ጠገራ ብር አንገቷ ላይ ብታንጠለጥዪ ያስኬዳል፤ አብዛኛው ጠገራ ብር ላዩ ላይ 1780 የሚል ቁጥር አለበት፣ ቀረብ ብለሽ ስታነሺ ይነበባል፣ ከመረጥሽው ዘመንም አይጋጭም። «አይ፣ እኔ ከክርስትና በፊት ነው የማደርገው» ካልሽ ደግሞ ጠገራውም፣ ማተቡም፣ ግንባር ላይ የሚነቀሰው መስቀልም፣ መስቀል ያለበት ጥለትም አንድ ላይ ይውጡ። ግማሽ ግማሽ ሲሆን ነው የሚያስቀይመው።

ወደ ልብሱ እንምጣ። ለዛፉ ፎቶ ጥለት የሌለው፣ በእጅ የተፈተለ የጥጥ ቀሚስ ፈልጊ። ፈትል ነው የምልሽ። የፋብሪካ ክር አይሆንም፣ ከሩቅ ነጭ ከሆነ ምን ልዩነት አለው አትበዪ። የእጅ ፈትል ክሩ አንድ ቦታ ወፈር፣ አንድ ቦታ ቀጠን ይላል፤ የጎን ብርሃን ሲመታው ጨርቁ ላይ ጥቃቅን ጥላ ይሠራል፣ ፎቶው ላይ እጅሽን ሰደሽ የምትነኪው ይመስልሻል። ሰው ሠራሽ ክር የገባበት ጨርቅ ግን ፍላሽ ሲያርፍበት ያብለጨልጫል፣ ያኔ ነው የሠርግ አልበም የሚመስለው። ሽሮ ሜዳ ስትሄጂ ጨርቁን ከሱቁ አውጥተሽ ፀሐይ ላይ እዪው፤ በሱቁ መብራት አትመኚ። ከዚያ በፊት ግን የቤተሰብሽን ሣጥን ጠይቂ። የእናትሽ ወይም የአክስትሽ አሮጌ ጋቢ፣ ብዙ ታጥቦ የለዘበው፣ ከአዲሱ በእጥፍ ይሻልሻል። ጋቢ አራት እጥፍ ስለሆነ ከባድ ነው፣ አወዳደቁም ያምራል፤ ነጠላ ግን ነፋስ ሲመታው ይነሳልሻል። ለዛፉ ጋቢ፣ ለመንገዱ ነጠላ ነገር አስቢ።

አዲስ ጨርቅ መጠቀም ግድ ከሆነብሽ በቀጭን ሻይ ዘፍዝፊው። አሥር ደቂቃ ይበቃል፣ ከዚያ አጥበሽ በጥላ አድርቂ። አንዳንድ የልብስ ሳሙና ነጭ ልብስን ይበልጥ የሚያነጣ ኬሚካል አለው፤ በፍላሽ ሲነሳ ሰማያዊ ይመታል። የጥጥ የራሱ ቀለም ወተት መሳይ ነው። ፎቶ አንሺው ደግሞ ብርሃኑን ሲለካ ነጩን ጨርቅ ይጠብቅ። ነጩ ፎቶው ላይ ብርሃን በዝቶበት አንዴ ከተቃጠለ ፈትሉም ሽመናውም ጠፋ፣ በኋላ በኮምፒውተር አይመለስም። ፊቷን በአንጸባራቂ ሰሌዳ ለብቻው ማብራት ይቻላል።

በጣም የምወደው ሐሳብ ይሄ ነው፤ ከፈለግሽ ውሰጂው። ወላጆቿ ያሰሩበት ገመድ የራሷ መቀነት ይሁን። ረጅም፣ ዳርና ዳሩ ቀጭን ቀይ መስመር ያለው። በዛፉ ፎቶ እጇን ያሰረው ያው መቀነት በመንገዱ ፎቶ ወገቧ ላይ ጎራዴውን ይያዝ። ማንም ባይነግረው እንኳ ተመልካቹ ሁለቱን ፎቶ ጎን ለጎን ሲያይ ያገኘዋል። አንድ ጨርቅ ነው፣ ሌላ ወጪ የለውም።

ለመንገዱ እጀ ጠባብ፣ ሱሪ፣ ኩታ። ሱሪው ለሷ ትንሽ ሰፋ ይበል፤ የሰው ልብስ እንደለበሰች ይታይ። ጎራዴ በኛ ባህል በቀኝ ጎን ነው የሚታጠቁት። ብዙ ፎቶ ላይ በግራ አድርገውት አያለሁ፤ ከውጭ ፊልም የመጣ ልማድ ነው። አንቺ በቀኝ አድርጊው። እውነተኛ ስለት ያለው ጎራዴ አትጠቀሚ፤ አፎቱና እጀታው ብቻ ይበቃል፣ ማንም አይመዘውም።

ፀጉር ላይ ረዘም ልበል፣ ምክንያቱም ሰው ዘውድ የሚደፋው ፀጉር መናገር እንደሚችል ስለሚረሳ ነው። በድሮው የደጋ ባህል ያላገባች ልጃገረድ መሐል አናቷ ይላጭና ዙሪያውን ፀጉር ይተውላት ነበር። ሳዱላ የምትባለው ለዚህ ነው። ስታገባ የተላጨው ያድጋል፣ ሹሩባም ትሠራለች። ስለዚህ ዛፍ ላይ የታሰረችውን ልጅ ሳዱላ ካደረግሻት፣ ዕድሜዋንም፣ አለማግባቷንም፣ ቤተሰቧ ምን እንደሰጠም በአንድ ጊዜ ተናገርሽ። ሞዴልሽን ግን አታስላጪ! መሐሉን ከራስ ቅሏ ጋር የተጣበቀ በጣም ቀጭን ሹሩባ አሠሪ፣ ዙሪያውን ለቀቅ አድርገሽ ተዪው። ለሹሩባ ካልደረሰ መሐሉን በጄል አስተኝተሽ ዙሪያውን በሚዶ አስነሺ። ከላይ ወደ ታች የተነሳ አንድ ፎቶ ይኑርሽ፤ ያኔ ነው ሳዱላው በደንብ የሚታየው።

ለመንገዱ «ፀጉሯን እንደ ወንድ አደረገች» የሚለውን ቃል በቃል ያዢ። የጦር ሰው ፀጉር በሁለት በኩል ይታወቃል፤ እንደ ዐፄ ቴዎድሮስና እንደ ዐፄ ዮሐንስ ወደ ኋላ የተጎነጎነ ሹሩባ፣ ወይም ጎፈሬ። የሞዴልሽ ፀጉር አጭር ስለሆነ ጎፈሬው ያንቺ ነው። ሳይፈታ የቆየ፣ አቧራ የነካው ጎፈሬ። ወይም ዐፄ ምኒልክ ከባርኔጣቸው ሥር ያስሩት እንደነበረው ነጭ ሻሽ ግንባሯን ሸፍኖ ከኋላ ይታሰር። ሻሹን የምታስር ሴት ሳይሆን የሚያስር ወንድ ያስተምራት፤ አስተሳሰሩ ይለያያል፣ የወንዱ ጠበቅና ዝቅ ይላል።

ቅቤን በተመለከተ ጠይቀሻል። ለጋ ቅቤ በፀጉር ላይ እውነተኛ ነው፣ ያምራልም። ግን ልንገርሽ። አንድ ጊዜ ለማስታወቂያ ሥራ የሞዴሏን ፀጉር ቅቤ ቀብተን ትኩስ የስቱዲዮ መብራት ሥር አስቀመጥናት። ሃያ ደቂቃ አልሞላም፣ ቅቤው ቀልጦ በአንገቷ ወርዶ የተዋስነው ቀሚስ ትከሻ ላይ ገባ። ቀሚሱ የአንዲት እናት የሠርግ ልብስ ነበር። አልለቀቀም። ይቅርታ ልጠይቅ የሄድኩበት ቀን እስከ ዛሬ አይረሳኝም። ስለዚህ ቅቤ ከፈለግሽ ጠዋት በብርድ፣ ውጭ፣ የራስሽ ጨርቅ ላይ ብቻ። ለተዋስሽው ልብስ ጥቂት ቫዝሊን በእጅሽ አሙቀሽ የፀጉሩን ጫፍ ጫፍ መንካት ይበቃል።

ሜካፕ። ኩል አለን፣ የግብፅ መስመር አያስፈልገንም። ልዩነቱ ቦታው ነው። የኛ ሰው ኩል የሚኳለው በመኳያ ነው፣ ዓይን ውስጥ፣ በታችኛው ሽፋን ጠርዝ ላይ። መስመሩ ከዓይን ጥግ አይወጣም። ከዓይን ጥግ ባወጣሽው በዚያው ደቂቃ ወደ ግብፅ ሄድሽ። ለዛፉ ፎቶ ኩሉ ትንሽ ፈሶ ይሁን፤ እንባው በጉንጯ ይዞት ይውረድ፣ አንድ መስመር ብቻ። ሁለት ጉንጭ ላይ ከሆነ ቲያትር ይመስላል።

ፊቷን አታንጪ። ይህንን አጥብቄ ነው የምልሽ። ፋውንዴሽኑን ከአንገቷና ከደረቷ ቀለም ጋር አስተያይተሽ ምረጪ፣ በቀን ብርሃን። የፀሐይ መከላከያ ያለበት ፋውንዴሽንና በጣም የላመ ነጭ ፓውደር በፍላሽ ሲነሳ ጥቁር ፊት ላይ አመድ የተነፋበት ይመስላል፤ በመስታወት አይታይሽም፣ ፎቶው ላይ ነው የሚወጣው። አንድ ቀን ቀደም ብለሽ በስልክሽ ፍላሽ ሞክሪው። ቆዳዋ ጥሩ ከሆነ ደግሞ ምንም አትቀቢ፤ ግንባሯና ጉንጯ ላይ ትንሽ ወዝ ይታይ። ታስራ ያለቀሰች ልጅ ናት።

የአንገት ንቅሳት ካደረግሽ በጥቁር አትሳዪው። የቆየ ንቅሳት ከቆዳ ሥር ሲታይ ወደ አረንጓዴና ሰማያዊ ያዘነብላል። ውሃ የማያስለቅቀው ጥቁር አረንጓዴ የዓይን እርሳስ ውሰጂ፣ በቀጭኑ ሳዪ፣ ከዚያ በጣትሽ ጫን ጫን እያደረግሽ ግማሹን አንሺው። ጫፉ የጠራ ንቅሳት ትናንት የተሳለ ነው የሚመስለው። እጇና እግሯ ላይ እንሶስላ ይሁን። ሥሩን አስወቅጠሽ ማታ አስረሽላት እንድታድር አድርጊ፣ ጠዋት ጥፍሯና መዳፏ ቀይ ሆኖ ይገኛል። ልጅቷን ለመሥዋዕት ሲያዘጋጇት እንደ ሙሽራ ነው ያስዋቧት ብለሽ አስቢው፤ እኔን እዚህ ጋ ሆዴን ይበላኛል፣ ፎቶው ላይም ይሰማል።

አሁን ተረከዙ። ሙሉ ኮቴ አትሥሪ። ሰው ይስቃል፣ ወይም ይቀፈዋል፣ ሁለቱም አይጠቅሙሽም። አንድ እግሯ ተረከዝ ላይ ብቻ የጠቆረ፣ የደነደነ፣ የተሰነጠቀ ነገር ይሁን፣ ከላይ ወደ ቁርጭምጭሚቷ እየሳሳ ይጥፋ። የሚያስፈልግሽ ፈሳሽ ላቴክስ፣ ጥጥና የሜካፕ ቀለም ነው። ከሁለት ቀን በፊት ክንዷ ላይ ትንሽ ቀብተሽ ሞክሪ፤ ላቴክስ የማይስማማቸው ሰዎች አሉ፣ ካሳከካት ሙሉ በሙሉ ተዪውና በቀለም ብቻ ሥሪው። ከተስማማት እግሯን አጥበሽ አድርቂ፣ አንድ ድርብ ላቴክስ፣ ላዩ ላይ እንደ ሸረሪት ድር ያሳሳሽው ጥጥ፣ እንደገና ላቴክስ። እያንዳንዱ ድርብ ይድረቅ። ሦስት አራት ድርብ ሲሆን በጥርስ መፋቂያ እንጨት ስንጥቅ አውጪበት፣ ስንጥቁን በጥቁር ቡኒ ሙዪ፣ ከላይ በአመዳም ግራጫ አልብሺ። አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ያዢለት።

ደሙን ማርና የምግብ ቀይ ቀለም ቀላቅለሽ አድርጊው፣ ጠቆር እንዲል ጠብታ ቡና ጨምሪበት። ሦስት ጠብታ። የዘንዶ ደም ጠብ ነው ያለው፤ ተረቱም ያለው ይህንን ነው። ከጨርቁ አርቂው፣ ቀሚሱን እስከ ባቷ ሰብስባ ትያዘው።

ጌጥ አንድ ብቻ ይኑራት፣ አልቦ። በመንገዱ ፎቶ ላይ አልቦው በጤነኛው እግር ብቻ ነው፤ የታመመው በጨርቅ ተጠቅልሏል። በደጃፉ ፎቶ ሁለቱም እግር ባዶ ነው፣ ሁለቱም ላይ አልቦ አለ። ፊቷን አታሳዪ። የሱሪው ጫፍ፣ ሁለት እግር፣ የተወለወለ ድንጋይ። ያቺ ፎቶ በደንብ ከወጣች ሌሎቹ ቢበላሹም ሥራሽ ተሳክቷል።

አርዌን ምን ላድርገው ብለሻል። የፕላስቲክ እባብ አትግዢ። ሰፌድ እዪ። ሰፌድ ሲሰፋ ከመሐል ተነስቶ እየተጠቀለለ ነው የሚሄደው፣ የተኛ እባብ ማለት ነው። ሰፌድ የምትሰፋ ሴት ፈልጊና ሳይዘጋ የተተወ፣ ከትከሻ ተነስቶ አንገት ዙሮ ጆሮ ጋ የሚያልቅ ጥምጥም አሰፊያት። ጥቁርና ወይን ጠጅ አለላ ገባ ገባ ይበልበት፤ የእባብ ቆዳ ይሆናል። ሦስት ሳምንት ካለሽ ዛሬውኑ እዘዢ፣ ከሁሉም ጊዜ የሚወስደው እሱ ነው። ዋጋውን እሷ ትናገር፣ አትከራከሪያት።

ማን ይልበሰው? ራሷ ሞዴልሽ ትልበሰው። የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ላይ ቅዱሳኑ ፊት ለፊት፣ ሁለት ዓይናቸው እያየ ነው የሚሳሉት፤ ክፉዎቹ በጎን፣ በአንድ ዓይን። አዜብን በሁሉም ፎቶ ፊት ለፊት አንሺያት፣ አርዌ ስትሆን ብቻ በጎን። ሜካፑም በግማሽ ፊቷ ብቻ ይሠራል። ቅንድቧን በሙጫ አስተኝተሽ ሸፍኚው፣ ቆዳዋን ከአለላው ጥላ ጋር በሚሄድ ጥቁር ወይን ጠጅ አደብዝዢው። ዓይኗ ላይ ምንም አትጨምሪ፣ አትኳያትም። ኩል የሌለበት ዓይን በዚያ ሁሉ ቀለም መሐል ያስፈራል።

ስለ መስቀሉ። ከደብር የእጅ መስቀል፣ ጽናጽል ወይም ካህናት የሚለብሱት ካባ ለፎቶ በውሰት አትጠይቂ፤ ቢሰጡሽም አትውሰጂ። ለብዙ ሰው የሚሳለሙት ነገር ነው። ቅዱሳኑን ማሳየትም የለብሽም፤ መሬት ላይ የወደቀ የመስቀል ጥላ በቂ ነው። ሁለት እንጨት አስረሽ ከካሜራው ውጭ ያዢውና ጥላው ጋቢዋ ላይ ይረፍ።

የቀኑ አካሄድ እንዲህ ይሁን። ዛፉን ጠዋት ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ተኩል ጨርሺ፤ ከዚያ በኋላ ፀሐዩ አናት ላይ ወጥቶ ዓይኗን ጥላ ይሞላዋል። ደጃፉን ወዲያው አስከትዪ፣ እግሯ ገና ንጹሕ ነው፤ የተረቱ መጨረሻ ቢሆንም በቀኑ ሁለተኛ ነው። ቀጥሎ መንገዱ፣ ቀን በጥላ ውስጥ ሊሆን ይችላል፣ የታመመው እግር ስለተጠቀለለ ላቴክስ አይፈልግም። አርዌን ከሰዓት በኋላ ቤት ውስጥ፣ በአንድ መስኮት ብርሃን። ተረከዙን ቀረብ አድርገሽ የምታነሺውን የመጨረሻ አድርጊው፣ ምክንያቱም አንዴ ከተሠራ መራመድ አትችልም፤ ወንበር፣ ውሃና የሚሸፍናት ጋቢ አጠገቧ ይኑር። ስትጨርሱ ላቴክሱን ጎትተሽ እንዳትነቅዪው። ለብ ባለ ውሃና ሳሙና ነክሪው፣ ከጠርዙ ጀምረሽ ዘይት በነካ ጣትሽ ቀስ እያልሽ አንሺው፣ ከዚያ እግሯን እጠቢላት።